ሮምን ያጠብኩበት ሁዳዴ

አምና ለለቅሶ መካነ ሰላም ሄጄ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከጀርባችን ባለው ግቢ አንድ ሽማግሌ ድስት ገልብጠው ጥላሸት ሲፍቁ አየሁ። የፋቁትን ጥላሸት አርሮ ከተወቀጠ ገብስና ከግራር ሙጫ ጋር በውሃ በጠበጡት። ሽታው በአጥሩ ላይ አልፎ ደረሰኝና ሳላስበው "ሮም" አልኩ። አጠገቤ የነበረችው የአክስቴ ልጅ ዞር ብላ አየችኝ፤ ሐዘኑ ነው ብላ አለፈችኝ መሰለኝ።

ለሌላው ሰው ሮም ምን ምን እንደምትል አላውቅም። ለእኔ ጥላሸትና ሙጫ ነው የምትለው። ከተማዋን በዐይኔ አላየኋትም። ግን በልጅነቴ በአንድ ሁዳዴ በእጄ አጥቤያታለሁ፤ ትንሽ ትንሽም ጠጥቻታለሁ።

ዘመኑ ስልሳ ስድስት ነው። እኔ ሦስተኛ ክፍል ነኝ፣ እህቴ ይርጋለም ስምንተኛ። አባታችን የሚያርሰው ወግዲ በኩል ስለነበር ለትምህርት መካነ ሰላም ያስቀመጠን አባ ይማም ቤት ነው። አባ ይማም የአባታችን የቆየ ወዳጅ፣ በረንዳቸው ላይ የሠፈሩን ልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩ ሽማግሌ ነበሩ። ልጆቻቸው አድገው ወጥተው ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ብቻ ናቸው። የክርስቲያን ልጆች በሙስሊም ቤት ምን ይበላሉ ብሎ የሚጨነቅ ካለ አይጨነቅ፤ በሁዳዴ ሁላችንም ሽሮና ጎመን ነበርን። እትዬ ዘሃራ እንዲያውም ከእኛ ብሳ ጾሙን ትቆጥረው ነበር። አንድ ቀን ጎረቤት ወተት ይዛ መጥታ ልትቀዳልኝ ስትል፣ "ይቺን ልጅ አታስገድፊብኝ፣ አባቷ አደራ ብሎ ነው የሰጠኝ" ብላ ጣሳውን ከእጇ ነጠቀቻት። እኔ ወተቱን እየተመለከትኩ አደራ የሚባለውን ነገር ረገምኩት።

ጾሙ በገባ ሰሞን መምህራኑ ሥራ አቁመዋል ተባለና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ለእኔ ዓመት በዓል ነው። ይርጋለም ግን ሰኔ ላይ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ይጠብቃታል። ካለፈች ደሴ ገብታ መምህርነት ትማራለች። ካላለፈች አባታችን "አገርሽ ትገቢያለሽ" ብሏታል፤ አገሯ መግባት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ከአጅባር ሽማግሌ የላከ ቤተሰብ ነበር።

የዓለም ታሪክ መጽሐፍ ለክፍሉ ሁሉ አንድ ነው። የታሪክ መምህሩ ወደ ደሴ ከመሄዳቸው በፊት ተማሪዎቹ በየተራ ቤታቸው እየወሰዱ እንዲያነቡት ተስማምተው ነበርና ይርጋለም ሁለት ሳምንት ደረሳት። ቀንና ሌት ትገለብጥ ጀመር። ግብጽን ገለበጠች፣ ግሪክን ገለበጠች፤ ሮም ደጃፍ ላይ ስትደርስ ደብተሯ አለቀ። ገበያ ወጣን፣ ደብተር የለም። በዚያ ሰሞን ገበያው ውስጥ ከሻጭ ይልቅ ከቆላ ተሰደው የመጡ ሰዎች ይበዙ ነበር፤ ዋርካው ሥር ቤተሰብ በቤተሰብ ሆነው ተቀምጠዋል። ይርጋለም ባዶ እጇን ተመልሳ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

አባ ይማም "ደብተር ቢጠፋ ትምህርት ይቆማል እንዴ?" አሏት። "እኛ ያለ ደብተር ነው የቀራነው። አብሽሪ።" ከዚያም ከግድግዳው ላይ አንድ ሉህ አወረዱ። ሉህ ማለት ቁርኣን ተማሪዎች የሚጽፉበት የእንጨት ሰሌዳ ነው። ይሄኛው መሃሉ ተሰንጥቆ፣ አንድ ጥጉ ተገምሶ የተሰቀለ ነበር። "ይኼ ጡረታ ወጥቷል፤ ቁርኣን አይጻፍበትም። ሮምን ግን ይችላታል" ብለው ሰጧት።

ደንቡ እንዲህ ነው። የዕለቱ ትምህርት በጥላሸት ቀለም ሉሁ ላይ ይጻፋል። ተማሪው እየተወዛወዘ በቃሉ ያጠናዋል። በማግሥቱ ጠዋት ለመምህሩ በቃሉ ይወጣዋል፤ ከወጣው በኋላ ሉሁ ታጥቦ አዲሱ ይጻፍበታል። ካልወጣው ሉሁ አይታጠብም፣ ተማሪውም አይታለፍም። አባ ይማም የይርጋለምንም ሮም በዚሁ ደንብ ያዟት። ችግሩ እሳቸው ዐረብኛውን እንደ ውሃ ያንበልብሉታል እንጂ የእኛን ፊደል አይለዩም። ስለዚህ ይርጋለም ከመጽሐፉ ታነብላቸዋለች፣ እሳቸው ይጠይቃሉ፣ የተግባቡበትን አሳጥራ ትጽፋለች። እህቴ ሮምን ያወቀቻት ለእሳቸው ስታስረዳ ይመስለኛል፤ የሚጠይቁት ጥያቄ የትም መጽሐፍ ላይ መልስ የለውም ነበርና።

የእኔ ሥራ ማጠብ ነው። ጠዋት ጠዋት የልጆቹን ሉሆችና የይርጋለምን አጥቤ አጥር ላይ አሰጣለሁ። ቁርኣኑ የታጠበበት ውሃ የትም አይደፋም፤ እግር የማይረግጠው ግራዋ ሥር ነው የሚፈሰው። የታመመ ሰው ከመጣም በጣሳ ይሰጠዋል፤ ይጠጣዋል። የእነሱ ጠበል መሆኑ ነው ብዬ ለራሴ ተረጎምኩት። "የሮምን ውሃስ?" ብዬ ስጠይቅ አባ ይማም "እሱን የፈለግሽበት ድፊው" አሉኝ። እኔ ግን ሰው በጠጣው ቃል ከዳነ፣ በጠጣው ቃል ቢያውቅስ ብዬ አሰብኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ማንም ሳያየኝ ከሮም ሁለት ሦስት ጉንጭ እጎነጫለሁ። ይመራል። ትምህርት መራር ነው ሲሉ የሰማሁት ይህንን ነው ብዬ አመንኩ።

በመጀመሪያው ቀን ይርጋለም ከተማዋን የመሠረቱት ሁለት መንትዮች ሕፃን ሳሉ ተጥለው ተኩላ እንዳጠባቻቸው አነበበች። እትዬ ዘሃራ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር።

"ማን አጠባቸው?"

"ተኩላ።"

"ልጄ፣ አውሬ ሕፃን ካገኘ ይበላል እንጂ ያጠባል? እናትየዋ የሰው አፍ ፈርታ የፈጠረችው ወሬ ይሆናል።"

አባ ይማም አሰብ አደረጉና "ይህን ለፈታኞቹ አትንገሪ" አሏት ይርጋለምን። "ለእኛ ግን ዘሃራ ያለችው ይመስላል።"

ሴኔት የሚባለው ምንም አላስቸገራቸውም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚመክሩበት ነው ሲባሉ "እንደ እኛው ነው" አሉ፤ "የሚስማሙት ግን ስንት ቀን ቆይተው ነው?" ብለው ጠየቁ። መንገዱ ላይ ደግሞ ከመጽሐፉ በላይ ሆኑ። በወጣትነታቸው ጣልያን የደሴን መንገድ ሲያሠራ ድንጋይ ፈልጠዋል። አለቃው ይህን ሥራ አባቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁበታል እያለ ይጎርርባቸው ነበር አሉ። ከበሩ እስከ ማድቤቱ መሬቱን በክንድ ልክ አስቆፈሩን። ከታች ትልልቅ ድንጋይ፣ ከላዩ ትንንሽ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ አመድና አፈር፤ መሃሉን ከፍ፣ ዳርና ዳሩን ዝቅ። "ውሃ እንዳይተኛበት ነው። መንገድ የሚሞተው በውሃ ነው" አሉ። ከባሕር ዛፍ ልጥ አሽንዳ ሠርተን በድንጋይ ላይ አጋደምንና ውሃ ከሩቅ ወደ ከተማ እንዴት እንደሚሄድ አየን። ውሃ እንደ ልብ ስላልነበረ ያፈሰስነው እኔ ሳልጠጣ የተረፈውን የሉሁን ጥቁር ውሃ ነው። የእትዬ ዘሃራ ዶሮዎች መጀመሪያ የሮምን መንገድ ተመላለሱበት፤ ቀጥለው ጫሩት።

ቄሳር የተገደለ ዕለት ግን ቤቱ ሐዘን ገባው። ወዳጆቹ ከበው በጩቤ እንደወጉት ይርጋለም ስታነብ አባ ይማም "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉና አንገታቸውን ደፉ። "ወዳጆቹ?" "አዎ።" "አብረውት የበሉ?" "መጽሐፉ አይልም።" "በልተዋል፤ ወዳጅ ካሉ በልተዋል። ልጅ ነበረው?" እኔ ይህን ሁሉ አይቼ ነገሩ የሰሞኑ ነው ብዬ ደመደምኩ። ወጥቼ ለጎረቤታችን አንድ ትልቅ ሰው ወዳጆቹ እንደገደሉት ነገርኳት። በማግሥቱ ሴትየዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። እትዬ ዘሃራ ያን ቀን ስትስቅ እንባዋን በመቀነቷ ጠረገች።

አንድ ማክሰኞ ይርጋለም ስለ እህል አነበበች። ድርቅ ሆኖ የሮም ሕዝብ በተራበ ጊዜ ገዥው ከባሕር ማዶ እህል በመርከብ አስመጥቶ ጎተራውን አስከፍቶ ለድሃው በየስሙ እየጠራ አከፋፈለ ይላል። አባ ይማም "ድገሚው" አሏት። ደገመችው። ወደ በሩ ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እስቲ ቀስ ብለሽ ድገሚው" አሉ። ጆሯቸው እየደከመ ነው ብዬ አዘንኩላቸው። የወትሮው ጥያቄያቸው አልመጣም። ይርጋለም ጻፈች፣ አጠናች።

በማግሥቱ ሮብ ጠዋት ያንን ሉህ አጥቤ፣ ጥቁሩን ውሃ በጣሳ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አንድ ጉንጭ እንደተጎነጨሁ አንዲት ሴት፣ ልጅ አዝላ መጣች። ዋርካው ሥር ከሚቀመጡት አንዷ ናት። አጥሩ ላይ የተሰጡትን ሉሆች አየች፣ ጣሳውን አየች።

"እማማዬ፣ አላህ ያሳድግሽ፣ ያን ውሃ ለዚች ለታመመች ስጪልኝ" አለችኝ። ለእኔ ለአሥር ዓመት ልጅ "እማማዬ" አለችኝ።

ልጅቱን ከጀርባዋ አወረደቻት። ሦስት ዓመት ይሆናታል፤ ጭንቅላቷ ለአንገቷ ከብዶ ወደ ጎን ይወድቃል። ይሄ ቁርኣን አይደለም ማለት ነበረብኝ። ለምን እንዳላልኩ ዛሬም አላውቅም። እጇን ዘርግታ ነበር፤ የተዘረጋ እጅ ፊት ቆሞ ማስረዳት ይከብዳል። ሰጠኋት። ራሷ አንድ ጉንጭ አልቀመሰችም፤ ሁሉንም ቀስ እያለች ለልጇ አጠጣች። መርቃኝ ሄደች።

ስመለስ ይርጋለም የዕለቱን ትምህርት ጀምራለች። ኔሮን ስለሚባል ንጉሥ ነው። እናቱን አስገድሏል፤ ከተማው ተቃጥሏል፤ ክርስቲያኖችን ለአውሬ ሰጥቷል። እጄ ላይ ባዶው ጣሳ አለ። ዛሬ የኔሮን ቀን ነው፣ ስለዚህ ያጠጣኋት ኔሮንን ነው አልኩ በልቤ። ቁርኣን የጠጣ ከዳነ፣ ኔሮንን የጠጣች ሕፃን ምን ትሆናለች?

ሦስት ቀን በዚህ ታመምኩ። ብናገር አባ ይማም ሉሁን መልሰው ይሰቅሉታል፤ በእሳቸው ስም የማይሆን ውሃ ለበሽተኛ ሰጥቻለሁና። መጽሐፉ ከእጃችን ሊወጣ አምስት ቀን ቀርቶታል፣ ሮም ገና እኩሌታዋ ነው፣ ከአጅባር የመጡት ሽማግሌዎች ደግሞ ለፋሲካ ማግሥት ቀጠሮ አላቸው። ዝም ብል ልጅቱ ትሞታለች። ሮምን መጠጣት አቆምኩ። ምግብም አልበላልህ አለኝ፤ እትዬ ዘሃራ ቡዳ ነው ብላ ጤና አዳም በአፍንጫዬ ያዘችልኝ።

ቅዳሜ ዕለት ጨው ተልኬ ገበያ ወጣሁ። ዋርካው ጋ ሳልደርስ ሁለት ሰዎች በሰሌን የተጠቀለለ ነገር ተሸክመው ሲያልፉ አየሁ። በዚያ ሰሞን በሰሌን የሚወጣ ሰው ብርቅ አልነበረም። ይሄኛው ግን አጭር ነው። ጨዉን ሳልገዛ ሮጬ ተመለስኩ።

አባ ይማም በረንዳው ላይ ቀለም እየበጠበጡ ነበር።

"አባ፣ ሰው ገድያለሁ መሰለኝ።"

ማማሰያውን አስቀመጡ። "ማንን?"

"የቆላዋን ሴትዮ ልጅ። ኔሮንን አጠጣኋት።"

ይስቃሉ ብዬ አልጠበቅሁም፣ አልሳቁምም። አጠገባቸው አስቀምጠው ከመጀመሪያው አስነገሩኝ። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ራሴ ስጠጣ መክረሜንም ጨምሬ።

"ውሃውን የሰጠሻት ይርጋለም ኔሮንን ከመጻፏ በፊት ነው በኋላ?"

"በፊት።"

"እንግዲያ ኔሮን ገና ሉሁ ላይ አልወጣም። አንቺ ያጠብሽው የማክሰኞውን ነው። ማክሰኞ ምን ነበር?"

ዐይኔን ጨፈንኩ። እንደ ቁርኣን ልጆቹ እየተወዛወዝኩ ወጣሁት። "ድርቅ በሆነና ሕዝቡ በተራበ ጊዜ የሮም ገዥ ከባሕር ማዶ እህል በመርከብ አስመጣ። ጎተራውን አስከፈተ። ለድሃው ሁሉ በየስሙ እየጠራ አከፋፈለ።" አንዲት ቃል አልሳትኩም። ይርጋለም ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች።

"ብርቄ፣ ይህን መቼ አጠናሽው?" አለች።

"አላጠናሁም። ጠጥቼው ነው።"

አባ ይማም እኔን አላዩም። ቀለሙን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። ከዚያ ተነሥተው ጓዳ ገቡና የጎታውን ክዳን ሲያነሡ ሰማን። ጎታው ውስጥ የቀረው ገብስ ለሰኔ የተቀመጠ ዘር መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ እንኳን ልንዘግን፣ ልንጠጋው አይፈቀድልንም ነበር።

"የዘሩን ነው?" አለች እትዬ ዘሃራ።

"የዘሩን ነው።"

"ሰኔ ላይ ምን ሊዘሩ ነው?"

"ሰኔን አላህ ያውቃል። በደጃችን በሽተኛ ያጠጣነው ይህንን ነው ዘሃራ። ገዥ ጎተራ ከፈተ ብለን አጠጥተን፣ የራሳችንን ጎታ ዘግተን እንቀመጥ?"

እትዬ ዘሃራ ቁናውን ከእጃቸው ተቀበለችና "እርስዎ ሲሰፍሩ ይደፉታል" ብላ እሳቸው ከሰፈሩት አብልጣ ሞላችው። ቆላችው፣ ይርጋለም ፈጨችው፣ አጥሚት ሆነ። ጉንጬ ላይ የደረቀውን እንባ እትዬ ዘሃራ በእርጥብ እጇ አብሳ ማሰሮውን ሰጠችኝ።

ዋርካው ሥር ስንደርስ ሴትየዋን መለየት የነበረብኝ እኔ ነኝ። አባ ይማም እጄን ይዘዋል። አገኘኋት። ልጅቱ ጭኗ ላይ ተጋድማለች፣ ፊቷ በነጠላ ተሸፍኗል። አባ ይማም ሰላምታ ሰጧትና ቁጭ አሉ። ሴትየዋ ነጠላውን ገለጠችው። ለዝንቡ ብላ ነበር የሸፈነቻት። ልጅቱ ዐይኗን ከፍታ አየችኝ።

"የሸሁ ውሃ ነው ያቆየልኝ" አለች እናትየዋ። "ከጠጣች ወዲህ ትንሽ ትንሽ ተኝታልኛለች።"

አባ ይማም እሺ ብለው ቢያልፉት ማንም አያውቅም ነበር። "ልጄ፣ አልዋሽሽም" አሏት። "ያ ውሃ ቁርኣን አልነበረም። የትምህርት ቤት ጽሑፍ ነው፤ ይቺ ልጅ ሳታውቅ ነው የሰጠችሽ። አፉ በይን።"

ሴትየዋ አልተቆጣችም። ልጇን እየተመለከተች "ታዲያ ምን ይላል ጽሑፉ?" አለች።

አባ ይማም እጄን ጨበጥ አደረጉት። እዚያው ቆሜ እንደገና ወጣሁት። ድርቁን፣ መርከቡን፣ ጎተራውን፣ ድሃው በየስሙ መጠራቱን። በዙሪያችን ከተቀመጡት አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ዘንበል ብለው ያዳምጡ ነበር። ስጨርስ ሴትየዋ ቀና አለች።

"ያ አገር በየት በኩል ነው?" አለች። "በእግር የስንት ቀን መንገድ ይሆናል?"

ልትሄድ ነበር የጠየቀችው። ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ እየሰበሰበች ነበር። እኔ አባ ይማምን አየኋቸው። እሳቸው ጎንበስ ብለው ልጅቱን ከጭኗ ላይ ተቀብለው አቀፉ።

"ቅርብ ነው" አሏት። "ተነሽ።"

ማሰሮውን እዚያው ለቀሩት ትተን፣ እናትና ልጅን ይዘን ቤት ገባን። ጎታው እስከ ሰኔ አልቆየም፤ ዘሩን በኋላ አባታችን ከወግዲ በአህያ ጭኖ አመጣ። ይርጋለም ፈተናዋን አልፋ ደሴ ገባች። ልጅቱ ሰዓዳ ትባላለች፤ ክረምቱን ከእኔ ጋር አንድ አጎዛ ላይ ነው የተኛችው። መጀመሪያ ሰሞን እንዳስተኟት ነበር የምታድረው። ሐምሌ ላይ መራገጥ ጀመረች፤ ጠዋት ጠዋት ጎኔን ይዤ ለአባ ይማም ስከሳት በጣም ደስ ይላቸው ነበር።